ማርሹ ከፒ አልወጣ ሲል፦ አውቶማቲክ ፒክ አፕን ደረጃ በደረጃ መፈተሽ

ሞተሩ ተነስቷል፣ እግርዎ ፍሬኑ ላይ ነው፣ የማርሽ እጀታው ግን ከፒ (መኪና ሲቆም ከሚገባበት ቦታ) ንቅንቅ አይልም። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ መታገል ይጀምራል። አይታገሉ። እጀታውን የያዘችው ብዙ ጊዜ ከጣት የማትበልጥ ፒን ናት፤ በጉልበት ሲሞከር ግን የሚሰበረው እሷ ሳትሆን በእጀታው ላይ ያለው መጫኛ ወይም ወደ ካምቢዮው የሚወርደው ኬብል ነው። አንድ ፊውዝ በመቀየር የሚያልቅ ነገር ወደ ትልቅ ጥገና የሚያድገው እንዲህ ነው።

ፊውዝ ያልኩት በዋዛ አይደለም። ማርሽ እምቢ ሲል የሰው ሐሳብ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ካምቢዮው ነው፤ የእኔም እንደዚያው ነበር። አሁን ግን ከመኪናው ወርጄ መጀመሪያ የማየው የኋላ መብራቶቹን ነው። ምክንያቱ ከታች ይገባዎታል።

የያዘው የትኛው ነው?

ፒ ላይ ያለ መኪና በሁለት የተለያዩ ነገሮች ይያዛል። አንደኛው ካምቢዮው ውስጥ ነው። እጀታው ፒ ላይ ሲገባ አንዲት የብረት ምላስ ከካምቢዮው መውጫ ዘንግ ጋር በሚዞር ጥርሳም ቀለበት መካከል ትገባና ዘንጉን ታስራለች። በኋላ ጎማ በሚነዳ ፒክ አፕ ላይ ይህ ማለት የኋላ ጎማዎቹ ታሰሩ ማለት ነው። ይህች ምላስ ከኤሌክትሪክ ጋር ጉዳይ የላትም፤ የሚያስጨንቃት የመኪናው ክብደት ብቻ ነው።

ሁለተኛው መያዣ ያለው እጀታው ሥር ነው፤ ማርሹ መሪው ላይ የሆነ ፒክ አፕ ከሆነ ደግሞ በመሪው አምድ ሽፋን ውስጥ። እሱ ሶሌኖይድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ፒን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ማግኔት። ፍሬን ሲረገጥ ፔዳሉ ላይ ያለው ስዊች የኋላውን የፍሬን መብራት ያበራል፤ ያው ምልክት ወደ ሶሌኖይዱ ይሄድና መቆለፊያዋን ይለቃታል። «ቀጭ» የምትል ትንሽ ድምፅ ትሰማለች። ፍሬን ካልተረገጠ ግን እጀታው አይወጣም። ይህ የተሠራው ሕፃን ልጅ እጀታውን ነካክቶ መኪናውን እንዳያንከባልል፣ ሹፌሩም በስህተት ነዳጅ እየረገጠ ማርሽ እንዳያስገባ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2010 ጀምሮ በሚመረቱ አውቶማቲክ የቤት መኪኖችና ቀላል ፒክ አፖች ላይ በሕግ ግዴታ ሆኗል፤ ብዙ አምራቾች ግን ከዚያ ቀደም ብለውም ይገጥሙት ነበር።

ሁለቱን ለመለየት እጅዎን ይመኑ። መጫኛው ራሱ ወደ ውስጥ አልገባ ካለ፣ ወይም እጀታው ጠንካራ ነገር እንደገጨ ሁሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ችግሩ የኤሌክትሪኩ መቆለፊያ ላይ ነው። መጫኛው ገብቶ፣ «ቀጭ» የምትለዋም ተሰምታ፣ እጀታው ግን ከጭቃ ውስጥ እንደሚሳብ ነገር ከከበደ የተያዘችው የካምቢዮው ምላስ ናት። እጀታው እንደልቡ ወዲያ ወዲህ እያለ መኪናው ግን አሁንም ከታሰረ ኬብሉ ተላቋል።

ከሁሉ በፊት ታኮ

ማርሹ በድንገት ሲለቅ መኪናው ይሄዳል። ይህን ረስተው መኪና ሥር የገቡ ሰዎች አሉ። ስለዚህ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ይሳቡ፤ መንገዱ ወደሚያዘነብልበት በኩል ሁለት ጎማዎች ላይ ታኮ ያድርጉ፤ ታኮ ከሌለ ጠንካራ እንጨት ወይም ትልቅ ድንጋይ ይሁን። ሜዳ ላይ ከሆኑ ከፊትም ከኋላም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ፒ ላይ ያለ የኋላ ጎማ ነጂ መኪና አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ቢያነሱት ፒው መኪናውን መያዙን ያቆማል። ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው የጥርስ ሳጥን፣ የተነሳውን ጎማ ወደ ኋላ እያዞረ መሬት ላይ የቀረውን ወደ ፊት እንዲሄድ ይፈቅድለታል። መኪናውም ከክሪኩ ላይ ይወርዳል። «ፒ ላይ ነው እኮ» ብሎ ያለ ታኮ ጎማ መፍታት የማይገባው ለዚህ ነው።

ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ ከቆመ

መጀመሪያ የቆመበትን ቦታ ይመልከቱ። ፒክ አፕ በተለይ ከተጫነ ከባድ ነው። ሹፌሩ የእጅ ፍሬን ሳይስብ ፒ ላይ ብቻ ትቶት ከወረደ ያ ሁሉ ክብደት በዚያች ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል። ጠዋት እጀታው ድንጋይ ይሆናል፤ ብልሽት ግን የለም።

መፍትሔው ክብደቱን ከምላሷ ላይ ለቅጽበት ማንሳት ነው። ሞተሩን ያስነሱ፤ ፍሬኑን ይርገጡ፤ የእጅ ፍሬኑም ይሳብ። ሁለት ሰው ከቁልቁለቱ በኩል ሳይሆን ከጎን ሆኖ፣ የበሩን ምሰሶ ይዞ መኪናውን ወደ ላይኛው አቅጣጫ ይግፋ። ሲገፉ የእጅ ፍሬኑን ፈትተው የእግሩን ፍሬን በጥቂቱ ለቀቅ ያድርጉ፤ መኪናው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሲል ፍሬኑን መልሰው አጥብቀው ይርገጡና እጀታውን ይሳቡ። የተጫነን ፒክ አፕ ሰው ካልቻለው ሌላ መኪና በገመድ ወደ ላይኛው በኩል ቀስ ብሎ ወጠር ያድርገው። ሲለቅ «ጓ» ይላል፤ አይደንግጡ።

እንዳይደገም ቅደም ተከተሉን ይቀይሩ። ሲያቆሙ በእግር ፍሬን እንደያዙ ማርሹን ኤን (ሞተሩ ከጎማው የሚለይበት ቦታ) ላይ ያድርጉ፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ የእግሩን ፍሬን ለቀቅ አድርገው መኪናው በእጅ ፍሬኑ ላይ ይረፍ፤ ከዚያ እንደገና ረግጠው ወደ ፒ ያስገቡ። የእጅ ፍሬኑ የማይዝ ከሆነ እሱን ማስጠገን ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ይቀድማል።

የፍሬን መብራቶቹን ይዩ

ሜዳ ላይ ቆሞ ካልወጣ ወደ ኋላ ይሂዱ። ሰው ካለ ፍሬን ይርገጥልዎ፤ ብቻዎን ከሆኑ ፔዳሉን በእንጨት ከመቀመጫው ጋር ይወጥሩት ወይም ማታ ግድግዳ አስጠግተው በመስታወት ይዩ። በካቢኑ ላይ ያለችውን መሃለኛዋን መብራትም አይርሱ።

ሁሉም መብራት ካልበራ ምርመራው ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ምልክቱ ከፔዳሉ አልተነሳም ወይም ኃይል አልደረሰውም። ሁሉም አምፖል በአንድ ቀን አይቃጠልም። በመጫኛ የሚነሳ ፒክ አፕ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምስክር አለዎት። ያው ስዊች ሲሞት ብዙዎቹ ፍሬን መረገጡን ስለማያውቁ ሞተሩንም አያስነሱም። መብራት የለም፣ ሞተር አይነሳም፣ ማርሽ አይወጣም፤ ሦስቱም የአንድ ስዊች ጣጣ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከፊውዙ ይጀምሩ። በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የፍሬን መብራት ወይም «ስቶፕ» የሚለውን ያግኙ፤ ያውጡት፤ በውስጡ ያለችው ክር ተበጥሳ እንደሆነ ወደ ብርሃን ይዩ። በተመሳሳይ አምፔር ይተኩ። 10 የተጻፈበት ቦታ ላይ 20 አይግባ፤ በሽቦ መጠቅለልማ ጨርሶ አይታሰብም፤ በፊውዙ ፈንታ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

አዲሱ ፊውዝ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ከሽቦ ወይም ከቦዲ ተነካክቷል። እዚህ ላይ ፒክ አፕ ከቤት መኪና ይለያል፤ የተጎታች መሰኪያ አለው። እኔን ሁለት ቀን ያሰቃየኝ እሱ ነው። ሦስት ፊውዝ አቃጠልኩ፤ የፔዳሉን ስዊች ቀየርኩ፤ የእጀታውን ሽፋን ነቅዬ ሶሌኖይዱን ተሳደብኩ። በመጨረሻ ከኋላ መከላከያው ሥር ያለውን መሰኪያ ስከፍት ውስጡ ውኃና አረንጓዴ ዝገት ሞልቶበት፣ ሁለቱ እግሮች ተያይዘው አገኘኋቸው። ከኋላ ያለ ሽቦ ከፊት ማርሽ ይቆልፋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? መሰኪያውን ከዋናው ሽቦ ለይተው ይሞክሩ፤ ፊውዙ ከቆመ ጥፋተኛው እሱ ነው። ካልቆመ ደግሞ የኋላ መብራት ቤቶቹንና ሽቦው በሻሲው ላይ የሚታሸባቸውን ቦታዎች ይከተሉ።

ፊውዙ ደህና ከሆነ ወደ ስዊቹ ይውረዱ። ከፍሬን ፔዳሉ ክንድ በላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት፤ ፔዳሉ ሲያርፍ ጫፏ ይጫናል፣ ሲረገጥ ይለቀቃል። የመኪናውን ቁልፍ ክፍት አድርገው በመፈተሻ አምፖል ሽቦዎቹን ይንኩ። ቢያንስ በአንዱ ላይ ኃይል መኖር አለበት፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ደግሞ ወደ መብራቱ በሚሄደው ላይ ኃይል መምጣት አለበት። ገብቶ ካልወጣ ስዊቹ ሞቷል። አራት ሽቦ ያለው ከሆነ አይደናገሩ፤ ሁለቱ ሲረገጥ የሚገናኙ፣ ሁለቱ ሲረገጥ የሚለያዩ ናቸው። በዚህ ዓይነቱ ስዊች መብራቱ እየበራ የማርሹ ምልክት ሊጠፋ ስለሚችል ሁለቱንም ጥንድ ይፈትሹ።

ስዊቹ ደህና ሆኖ ከቦታው ሊንሸራተትም ይችላል። ምልክቱ ይህ ነው፤ ፍሬኑን ለስለስ አድርገው ሲረግጡ ምንም የለም፤ እስከ ታች ሲረግጡ ግን መብራቱ ይበራል፣ ማርሹም ይወጣል። ማሰሪያውን ፈታ አድርገው ከፔዳሉ ጥቂት ያርቁት፤ ፔዳሉ ጥቂት እንደተነካ መብራቱ ይብራ።

በተቃራኒው መብራቱ ሁልጊዜ እየበራ፣ ማርሹም ያለ ፍሬን የሚወጣ ከሆነ የፔዳሉን ክንድ ይዩ። የስዊቿ ጫፍ የምታርፍበት ትንሽ ፕላስቲክ ወይም ጎማ አርጅቶ ይሰባበርና ፍርፋሪው ምንጣፉ ላይ ይገኛል። ጫፏ በባዶው ቀዳዳ ስታልፍ ስዊቿ ፍሬን የተረገጠ ይመስላታል። ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ባትሪው ከደከመ

መቆለፊያው የሚለቀው በኤሌክትሪክ ነውና ባትሪው ከሞተ ማርሹም አይወጣም። ሞተሩ በራሱ እየሠራ ከሆነ ይህን ክፍል ይለፉት። ሞተሩ ካልተነሳ ግን በቮልት መለኪያ ያረጋግጡ፤ ሙሉ ባትሪ ሳይሠራ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 ከወረደ ባዶ ነው ብለው ይያዙት። ከሌላ ባትሪ ኃይል ሲሰጡት «ቀጭ» የምትለዋ ትመለሳለች። ቁልፉም በትክክለኛ ቦታው ይሁን፤ ሬዲዮ ብቻ በሚያበራው ደረጃ ላይ ሶሌኖይዱ ኃይል የማያገኝባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው።

ከመንገድ ለመነሳት፦ የእጅ መልቀቂያው

ምርመራው ይቆይና አሁን መሄድ ካለብዎ አምራቾቹ አስበውበታል። ወለል ላይ እጀታ ባላቸው መኪኖች ከፒ ምልክት አጠገብ ትንሽ ካሬ ክዳን ትገኛለች፤ ማርሹ መሪው ላይ ከሆነ መልቀቂያው ብዙ ጊዜ ከመሪው አምድ ሽፋን በታች ወይም ከጎን ነው። ትክክለኛውን ቦታ የመኪናው መጽሐፍ ይነግርዎታል።

1. ታኮ ተደርጓል፣ የእጅ ፍሬን ተስቧል። ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ክፍት ላይ ያድርጉ። በመጫኛ በሚነሱት ደግሞ ፍሬን ሳይረግጡ መጫኛውን በተደጋጋሚ ተጭነው ዳሽቦርዱ እስኪበራ ይጠብቁ።

2. የክዳኗን ጠርዝ በጨርቅ በተጠቀለለ ቀጭን ካቻቢቴ ያንሱ። ጨርቁ ፕላስቲኩ እንዳይጫር ነው።

3. ፍሬኑን ረግጠው ይያዙ። መብራቱ ባይሠራም ፍሬኑ ራሱ ይሠራል፤ የሚይዝዎት እሱ ነው።

4. ካቻቢቴውን ወይም የበር ቁልፍዎን ቀዳዳው ውስጥ ከትተው ወደ ታች ይጫኑ፤ እንደያዙት መጫኛውን ተጭነው እጀታውን ወደ ኤን ያምጡ።

5. ሞተሩን እዚያው ኤን ላይ ያስነሱ፤ ከዚያ ወደ ፈለጉት ማርሽ።

በዚህ መንገድ መሄድ የሚቻለው የፍሬን መብራት ካለዎት ነው። ፍሬን ሲይዙ ከኋላዎ የሚመጣው ካላየ ማርሹ መውጣቱ ምን ጥቅም አለው? መብራቱ ከሞተ ከመንገድ ዳር ለመራቅ ብቻ ይጠቀሙበት።

እጀታ በሌላቸው፣ በሚዞር ቁልፍ ወይም በመጫኛ ማርሽ በሚቀይሩ አዳዲስ ፒክ አፖች ላይ መልቀቂያው ብዙውን ጊዜ ከዳሽቦርዱ በታች በክዳን ውስጥ ያለ የሚሳብ ማሰሪያ ነው። ሲሳብ በቀጥታ የካምቢዮውን ምላስ ያነሳታል፤ ያለ ታኮና ያለ እጅ ፍሬን ከሳቡት መኪናው ያኔውኑ ይንከባለላል።

ባለ አራት ጎማ ነጂ ከሆነና የኃይል ማከፋፈያ ሳጥኑ በእጅ ዘንግ የሚቀየር ከሆነ ሌላ መውጫ አለ። ያንን ዘንግ ወደ ኤን ካመጡት ካምቢዮው ፒ ላይ ቢሆንም ጎማዎቹ ከእሱ ይለያያሉ፤ መኪናውን መግፋት ወይም መጎተት ይቻላል። ያው ነገር አደጋም ነው፤ ሳያስቡት ኤን ላይ የተተወ ዘንግ ፒ ላይ ያለን መኪና ቁልቁል ይለቀዋል።

መብራቱ ይበራል፣ «ቀጭ» ግን የለም

አሁን ችግሩ እጀታው ሥር ነው። ሬዲዮና ሞተር አጥፍተው፣ ቁልፉን ክፍት አድርገው፣ ጆሮዎን ወደ እጀታው አስጠግተው ፍሬኑን ደጋግመው ይርገጡ። ድምፅ ከሌለ ሽፋኑን ያንሱ። ብዙዎቹ በጥቂት ቡሎንና በፕላስቲክ መያዣ ብቻ የተያዙ ናቸው።

ከመለኪያ በፊት በዓይን ይዩ። የፈሰሰ ለስላሳ መጠጥ ደርቆ መቆለፊያዋን እንደ ሙጫ ይይዛታል፤ ሳንቲም፣ እስክሪብቶ ክዳን፣ የለውዝ ልጣጭም አይታጣም። ሙጫውን በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ አጥበው በጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉ። ወፍራም ግሪስ አይቀቡ፤ አቧራ ሰብስቦ በወራት ውስጥ ወደነበረበት ይመልስዎታል።

ንጹሕ ከሆነ የሶሌኖይዱን ሶኬት ይለኩ። ፍሬን ሲረገጥ 12 ቮልት አካባቢ እየመጣ ሶሌኖይዱ ካልተንቀሳቀሰ እሱ ይቀየራል። ቮልት ካልመጣ አዲስ ሶሌኖይድ አይግዙ፤ ሽቦውን ወደ ኋላ ይከተሉ፤ ፒ መግባቱን የምትነግረው ትንሽ ስዊች እዚያው እጀታው ጎን ካለች እሷንም ይፈትሹ።

ማርሹ መሪው ላይ ለሆነ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ፤ በአምዱ ውስጥ የሚያልፉት ቢጫ ሶኬቶችና ሽቦዎች ብዙ ጊዜ የኤርባግ ናቸው። በመፈተሻ አምፖል አይነኩም። የባትሪውን ኔጋቲቭ ሳይፈቱና መጽሐፉ ያዘዘውን ደቂቃ ሳይጠብቁ እዚያ እጅዎን አያስገቡ፤ ካልለመዱት ለባለሙያ ይተዉት።

ኬብሉና ከዚያ በታች

«ቀጭ» ይላል፣ ሜዳ ላይ ነው፣ እጀታው ግን ከባድ ነው። አራቱም ጎማ በታኮ ተይዞ ከካምቢዮው ጎን ኬብሉ የሚጋባበትን ትንሽ ክንድ ያግኙ፤ ኬብሉን ከክንዱ ያላቅቁና ክንዱን በእጅ ያንቀሳቅሱ። ደረጃ በደረጃ እየቆመ ከሄደ ካምቢዮው ደህና ነው፤ ኬብሉ ውኃ ገብቶት ዝጓል ወይም ከጭስ ማውጫ ቱቦ ተጠግቶ ሽፋኑ ቀልጧል። ሲበርድ ብቻ የሚከብድ ኬብል ውስጡ ያለው ውኃ እየረጋ ይሆናል። ኬብል ይቀየራል እንጂ አይታከምም፤ ዘይት የሚያንጠባጥቡበት ሰዎች ቀን ከመግፋት አያልፉም። እጀታው እንደልቡ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ በኬብሉ ጫፍ ያለችውን የፕላስቲክ ቀለበት ይዩ፤ እሷ ተሰብራ ኬብሉ ወልቆ ይሆናል፤ ቀላሉ ጥገና ይህ ነው።

ክንዱም በእጅ አልንቀሳቀስ ካለ፣ መኪናውም በምንም በኩል ክብደት ካልተጫነው ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው። እዚህ ላይ መሣሪያዎን ይሰብስቡ። ሲያስጎትቱም የታሰሩት ጎማዎች መሬት ላይ አይጎተቱ፤ መኪናው ሙሉ በሙሉ የሚጫንበት ይምጣ፣ ወይም የኋላ ጎማዎቹ ሥር ተሽከርካሪ ማረፊያ ይግባ።

ሲጨርሱ የሚሞከር

መቆለፊያውን ቆርጦ ወይም ሶሌኖይዱን ከማይቋረጥ ኃይል ጋር አያይዞ «ተገላገልኩ» የሚል አለ። ከኋላ ወንበር የሚንጠራራ ልጅ ያለው ሰው ይህን ባያደርግ እመክራለሁ።

ጥገናው እንዳለቀ ሜዳ ላይ፣ ታኮው ሳይነሳ ይሞክሩ። ያለ ፍሬን እጀታው ከፒ መውጣት የለበትም፤ ፍሬኑ ለስለስ ብሎ ሲረገጥ መውጣት አለበት። ሞተሩ ፒና ኤን ላይ ብቻ ይነሳ፣ በአር ወይም በዲ ላይ ከተነሳ የኬብሉ ልክ ተዛብቷል። በቁልፍ በሚነሳ መኪና ቁልፉ ከፒ ውጭ አይውጣ። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ሦስቱም የፍሬን መብራቶች መብራታቸውን ይንገርዎ፣ ታኮውንም ያኔ ያንሱ።